የጠማውን መኖ እንዴት እንርዳው? ስለ ፕሮቲን ካይኔዝ ጂኖችና ስለ ወሎ ማሳ

ወሎ ውስጥ መኖ የሚያለማ ሰው ይህን አይቷል። በልጉ በቅጡ ሳይጥል ዝናቡ ቀጥ ይላል። አንዱ መደብ በሳምንቱ ክው ብሎ ይደርቃል። አጠገቡ ያለው ደግሞ ይጠወልጋል፣ ይኮማተራል፣ ግን አይሞትም፤ ሰማዩ ጠብ ሲያደርግለት እንደገና ያቆጠቁጣል። አፈሩ አለበት፣ ዘሩ አለበት፣ አያያዙም አለበት። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን እዚያው ተክሉ ውስጥ ሆኖ «ውሃ ቀንሷል፣ ቀዳዳ ዝጉ፣ ዕድገት አቁሙ» እያለ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ የፕሮቲን ቤተሰብ አለ። ፕሮቲን ካይኔዝ ይባላል።

ይህን የምጽፈው ከብት ላላቸው፣ ጓሯቸው ውስጥ አልፋልፋ ወይም ዝሆኔ ሳር ለተከሉ፣ በየቀበሌው በእንስሳት እርባታ ባለሙያነት ለሚሠሩ ልጆች ነው። ጂን መቀየር አይጠበቅባችሁም፣ ቤተ ሙከራም አያስፈልግም። ተክሉ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ አለው፤ ያንን አውቃችሁ ሥራውን እንዳታበላሹበት ነው የምፈልገው። እኔ እንደማየው መኖን የሚጨርሰው ድርቁ ብቻውን አይደለም። ድርቁ ላይ ማጭድ፣ ማጭዱ ላይ ደግሞ የከብት እግር ሲጨመርበት ነው።

አብሽሩ፣ ሳይንሱ አይከብድም።

መጀመሪያ አሠራሩን

ካይኔዝ ኢንዛይም ነው፤ ሕዋስ ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን ማለት ነው። ሥራው አንድ ነው፦ ኤቲፒ ከሚባለው የሕዋስ ጉልበት ተሸካሚ ላይ ፎስፌት የምትባል ፎስፈረስ ያለባት ትንሽ ቅንጣት ይወስድና ሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ፎስፌቷ ያረፈችበት ፕሮቲን ጠባዩ ይለወጣል። ተኝቶ የነበረው ይነሣል፣ ሲሠራ የነበረው ያቆማል፣ አንዳንዱም ቦታውን ቀይሮ ወደ ሕዋሱ አስኳል ይገባል። ነገሩ ሲያልፍ ደግሞ ፎስፋቴዝ የሚባሉ ሌሎች ኢንዛይሞች ፎስፌቷን መልሰው ያነሡታል። ይህን የመለጠፍና የማንሣት ሥራ በእንስሳ ጡንቻ ላይ ያገኙት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል።

ሰው 500 ገደማ የካይኔዝ ጂኖች አሉት። ተመራማሪዎች ለሙከራ የሚያበቅሉት አራቢዶፕሲስ የተባለ ቀጭን፣ አረም የሚመስል ተክል ግን 1000 ገደማ አለው። እጥፍ ማለት ነው። ብዙም አይገርመኝም። ላም ሲጠማት ወንዝ ትወርዳለች፣ ሲበርዳት በረት ትገባለች፤ ተክል ግን በቆመበት ነው ሁሉንም የሚቀበለው፣ ስለዚህ የሚሰማበትና የሚመልስበት ነገር በውስጡ በብዛት ያስፈልገዋል።

መልእክቱ የሚሄድበት መንገድ አገር ቤት ከጋራ ወደ ጋራ እንደምንጠራራው ነው። አንዱ ያያል፣ ለሁለተኛው ይጮኻል፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው ያቀብላል፣ ሦስተኛው መንደሩን ያስነሣል። ማፕ ካይኔዝ የሚባሉት ልክ እንደዚህ በሦስት እርከን ተቀባብለው ነው የሚሠሩት። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ፎስፌት ለጥፎ ይቀሰቅሰዋል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው ደግሞ ጂኖችን የሚያበሩና የሚያጠፉ ፕሮቲኖች ላይ ይሠራል። ከዚህ ሌላ ካልሲየም ሕዋሱ ውስጥ ሲጨምር የሚነሡ ካይኔዞች አሉ። የድርቅን ሆርሞን የሚከተሉም አሉ፤ ወደ እነሱ እመጣለሁ።

ደስ የሚለኝ ነገር፣ በዚህ ጉዳይ ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ብዙዎቹ የተሠሩት በእኛው በመኖው ተክል በአልፋልፋ ላይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጡ ሥራዎች ኤምኤምኬ4 የተባለ የአልፋልፋ ካይኔዝ በብርድም በድርቅም እንደሚነሣ አሳዩ። ያው ካይኔዝ ቅጠሉ ሲቆሰል በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነቃል፣ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይረጋጋል። ኤስአይኤምኬ የተባለው ሌላው ደግሞ የጨው ነገር ሲመጣ የሚነሣ ነው። አንድ ደቂቃ! እናንተ ማጭዱን ሳትጠርጉ ተክሉ ወሬውን ሰምቷል ማለት ነው።

ሲጠማው ምን ይሆናል፣ እናንተስ ምን ታያላችሁ

ቅጠል ላይ በዓይን የማይለዩ ቀዳዳዎች አሉ፣ ስቶማታ ይባላሉ። አየር የሚገባው በእነሱ ነው፣ ውሃ የሚያመልጠውም በእነሱ ነው። አፈሩ መድረቅ ሲጀምር ተክሉ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ያበዛል። ደኅና ቀን ከሆነ ኤስኤንአርኬ2 የሚባሉት ካይኔዞች ፒፒ2ሲ በተባሉ ፎስፋቴዞች ታፍነው ነው የሚውሉት። ሆርሞኑ ሲመጣ ተቀባዩ ፕሮቲን ይይዘዋል፣ ተቀባዩና ሆርሞኑ አንድ ላይ ሆነው አፋኙን ይቆልፉታል፣ ካይኔዙ ይፈታል። ይህ ተቀባይ የትኛው እንደሆነ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፣ ገና ትናንት ማለት ይቻላል። የተፈታው ካይኔዝ በቀዳዳው ዳርና ዳር ያሉትን ሕዋሶች በር ይከፍታል፣ ጨዋማ ነገሮቹ ይወጣሉ፣ ፖታሲየሙ ይከተላል፣ ውሃው ይከተላል፣ ሕዋሶቹ ይሟሽሻሉ፣ ቀዳዳው ይዘጋል። ከዚያ አልፎ አስኳል ውስጥ ገብቶ ስኳርና ፕሮሊን የሚባል አሚኖ አሲድ የሚያከማቹ፣ ሕዋሱን ከመድረቅ የሚጠብቁ ጂኖችን ያስነሣል።

ዋጋ አለው ግን። ቀዳዳ ተዘጋ ማለት አየር አልገባም፣ አየር አልገባም ማለት ምግብ አልተሠራም። ተክሉ ቀጥ ይላል። ይህን ስታዩ «በቃ ሞተ» ብላችሁ አትጨዱት፣ «ዩሪያ ልጨምርበት» ብላችሁም አትቸኩሉ። አልሞተም። አውቆ ነው የቆመው።

ማሳው ላይ እንዲህ አንብቡት፦

ሰባት ሰዓት ላይ ቢጠወልግና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀና ቢል ችግር የለም፤ የቀን ፀሐይ ነው። ጎሕ ሲቀድ ሄዳችሁ ጠውልጎ ካገኛችሁት ግን ሌሊቱን ሙሉ ሥሩ የሚጠጣው አጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ ማሳችሁን ማየት ያለባችሁ ጧት ነው። እኩለ ቀን ላይ የታየ ማሳ ያታልላል።

አልፋልፋ ሲጠማው ቀለሙ ይጠቁራል፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ይሆናል። ዝሆኔ ሳርና ማሽላ ቅጠላቸውን ይጠቀልላሉ። አንድ ሌላ ምልክት ደግሞ በእጅ የሚታወቅ ነው። ፀሐይ ላይ ያለ ቅጠል በሁለት ጣት መሐል ያዙ፣ ከዚያ ውሃ ከሚጠጣ መደብ፣ ለምሳሌ ቦዩ ዳር ካለው፣ ሌላ ቅጠል ያዙ። የጠማው ይሞቃል። ቀዳዳው ስለተዘጋ በትነት ራሱን ማቀዝቀዝ አልቻለም። በጣታችሁ የነካችሁት የኤስኤንአርኬ2ን ሥራ ነው።

ውሃ ላላችሁ

ቆቦና ጊራና አካባቢ በመስኖ የምታለሙ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ዙሪያ ጓሯችሁን በባልዲ የምታጠጡ፣ ይህ የእናንተ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። እንዲህ ያደገ ተክል ውሃው ሁለት ቀን ሲቋረጥ ድንገት ይመታል፤ ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ የሚዘጋጅበት ጊዜ አያገኝም። ለቀቅ አድርጋችሁ በደንብ አጠጡና ቀጣዩ ተራ እስኪደርስ ላዩ ይድረቅ። አልፋልፋ አፈሩ ከፈቀደለት ሥሩን ሜትሮች ወደ ታች ይሰዳል፤ ላዩ ሲደርቅ ታች ያለውን ይፈልጋል።

ምን ያህል እንደገባ ለማወቅ ቀጭን የብረት ዘንግ ይዛችሁ በማግሥቱ አፈሩ ላይ ግፉት። እርጥቡ ድረስ በቀላሉ ይወርዳል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዘንጉ ስንዝር ያህል እንኳ ሳይገባ ከቆመ ያጠጣችሁት ለአረም ነው።

ችግኝ ላይም ያው ነው። ሰስባኒያ፣ ትሪ ሉሰርን ወይም የርግብ አተር በፕላስቲክ አፍልታችሁ ከሆነ፣ ከጥላና ከዕለታዊ ውሃ አውጥታችሁ በቀጥታ ጉድጓድ ውስጥ አትክተቱት። ከመትከላችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምራችሁ ጥላውን አሳሱ፣ ውሃውን አራርቁ። በመጠኑ የተጠማ ችግኝ ሆርሞኑን ያበዛል፣ ካይኔዞቹ ይነሣሉ፣ ቅጠሉ ይጠነክራል፣ ቁመቱ ቀርቶ ሥሩ ይበረታል። አራቢዶፕሲስ ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ አንድ ነገር አሳይቷል፤ አስቀድሞ የተዘጋጀ ተክል ሕዋሱ ውስጥ ገና ያልነቁ ማፕ ካይኔዞችን አከማችቶ ይጠብቃል፣ ችግሩ ሲመጣ ካልተዘጋጀው በበለጠ ኃይል ይመልሳል። እዚያ የተዘጋጀው በኬሚካል ስለሆነ አንድ ለአንድ ከችግኝ ጋር አይገናኝም። ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ ቀስ ብሎ የመጣ ችግር ያጠነክራል፣ ድንገተኛው ይሰብራል።

ማጭዱ ላይ ጠንቀቅ

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፣ ምክንያቱም በእጃችሁ ያለው ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው።

አልፋልፋ ሲታጨድ እንደገና የሚያቆጠቁጠው ሥሩና አናቱ ላይ ባጠራቀመው ስታርችና ናይትሮጅን ነው። አናት የምለው የግንዱን ጫፍ ሳይሆን ከመሬቱ ጋር ያለውን፣ ግንዶቹ ከሥሩ የሚነሡበትን ክፍል ነው። ቅጠል የለውም፣ ስለዚህ ከስንቁ ይበላል። አዲሱ ቅጠል አድጎ ተራውን ለሥሩ መመለስ እስኪጀምር ሳምንታት ይወስዳል። አሁን አስቡት፦ ዝናብ ቆሟል፣ ካይኔዞቹ ዕድገቱን አቁመውታል፣ ቀዳዳው ተዘግቷል፣ ተክሉ ስንቁን ይዞ ተቀምጧል። በዚህ ላይ ታጨደ። የቁስሉ መልእክት በአንድ ደቂቃ ይደርሳል፣ አናቱ ያለችውን ስንቅ አውጥቶ ለማቆጥቆጥ ይሞክራል፣ ውሃ የለም፣ ቅጠሉ አያድግም፣ የወጣው ስንቅ አይመለስም። ይህ በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ ከተደገመበት ማሳው ይሳሳል፣ ክፍተቱን አረም ይወስደዋል። «አልፋልፋ ሦስት ዓመት አይቆይልኝም» የምትሉ ሰዎች መጀመሪያ ይህን ፈትሹ።

ስለዚህ በጥሩ ጊዜ ከአሥር ግንድ አንዱ ማበብ ሲጀምር ጨዱ። ከመሬት አራት ጣት ያህል አስቀሩ፤ አናቱ ላይ ያሉትን እንቡጦች አትላጩ። በድርቅ ጊዜ ግን ቁመቱን እዩ። ከስንዝር ብዙም ካልበለጠ ተዉት። ቢደርቅ ያስቆጫል፣ አውቃለሁ፣ በተለይ ላሟ በረት ቆማ እያየቻችሁ። ግን ከዚያች እፍኝ ቅጠል የምታገኙት ለአንድ ምሽት አይሆንም፣ አናቱ ከተረፈ ግን ክረምቱን ሙሉ ትበሉበታላችሁ። ከክንድ ያልተናነሰና ያበበ ከሆነ አንድ ጊዜ ጨዱና ዝናብ እስኪመጣ ርሱት።

ማጭዱ ይሳል። የተሰነጠቀና የተቀደደ ግንድ ሰፊ ቁስል ነው፣ ውሃም ያፈስሳል፣ በሽታም ያስገባል። ከብት ደግሞ በተጠማ አልፋልፋ ላይ አትልቀቁ። ከብት እንቡጡን ከሥሩ ግጦ ይወስዳል፣ በኮቴውም አናቱን ይረግጣል። ቆርጦ ማብላት ይሻላል።

ዝሆኔ ሳርና ደሾም በዚሁ ሕግ ይሄዳሉ፣ ግን እነሱ ይችላሉ፤ ቁርጡን ከመሬት አንድ ጭብጥ ያህል ከፍ ካደረጋችሁላቸው ይበቃል። ደሾ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ከደቡብ ከጨንቻ በኩል ታውቆ የተስፋፋ፤ እርከን ላይ ሲተከል አፈሩንም ይይዛል። ለገደላማው ወሎ ከሱ የተሻለ የእርከን ሳር አይታየኝም።

ዘሩን ከባክቴሪያው ጋር

ካይኔዝ የሚሠራው በመከራ ጊዜ ብቻ አይደለም። ጥራጥሬ ነክ መኖዎች ሥራቸው ላይ እባጭ ሠርተው ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙ ባክቴሪያዎችን ያስተናግዳሉ። ባክቴሪያው መጥቶ በር ሲያንኳኳ የሚለየውና ወደ ውስጥ መልእክቱን የሚያስተላልፈው የተቀባይ ካይኔዝ ነው። አንዱ፣ ኤንኦአርኬ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአልፋልፋ ተለይቶ ታውቋል። ያለሱ ተክሉ ባክቴሪያውን አያስገባም። ስንት እባጭ እንደሚበቃ የሚቆጣጠርም ሌላ የተቀባይ ካይኔዝ አለ፤ እባጭ ምግብ ይበላልና ተክሉ ልክ ያበጅለታል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት በእጅ የሚያዝ ነው። እያንዳንዱ ተክል የሚለየው የራሱን ባክቴሪያ ነው። ቬች የተባለው የመኖ ጥራጥሬ ከባቄላ፣ ከአተርና ከምስር ጋር አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይጋራል፤ ደጋው ወሎ ደግሞ ባቄላና ምስር ሲዘራበት የኖረ መሬት ነው፣ ስለዚህ ቬች ብዙ ጊዜ ያለማንም እርዳታ ወዳጁን ያገኛል። አልፋልፋ ግን የባቄላውን ባክቴሪያ አያስገባም። የራሱን ይፈልጋል። አልፋልፋ ተዘርቶበት በማያውቅ መሬት ላይ ዘርታችሁ ቢጫ ሆኖ ከቀረ፣ ከድርቁ በፊት ይህን ጠርጥሩ።

እንዲህ አረጋግጡ። ከተዘራ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው አንድ ተክል በመቆፈሪያ ከነአፈሩ አውጡ። አትንቀሉት፣ እባጩ አፈር ውስጥ ይቀራል። ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አፈሩን ቀስ ብላችሁ እጠቡ። እባጮቹን ፈልጉ፣ የአልፋልፋው ሞላላ ነው። በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ከሆነ ገና ነው ወይም የማይረባ ባክቴሪያ ነው፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ምንም እባጭ ከሌለ ለአልፋልፋ የተዘጋጀውን የባክቴሪያ ማዳበሪያ ጠይቁ። የአተሩ ወይም የባቄላው አይሠራም፣ ሻጩ «አንድ ነው» ቢላችሁም አትቀበሉ። ካልተገኘ ደግሞ በደንብ ከያዘ የቆየ የአልፋልፋ መደብ ላይ አፈር ቆንጥራችሁ፣ በእርጥብ ዘር ላይ አሽታችሁ፣ ፀሐይ ሳያገኘው ወዲያው ዝሩት። ዘሩን ከአንድ ሴንቲሜትር ብዙ አታጥልቁት።

እባጭ ባለው መደብ ላይ ዩሪያ አትጨምሩ። ናይትሮጅን በነፃ ያገኘ ተክል ለባክቴሪያው በር አይከፍትም።

ስለ ፎስፈረስ አንድ ነገር ልበል። ካይኔዝ ፎስፌት ይለጥፋል ስላልኩ «ፎስፈረስ ያለበትን ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ብጨምር ካይኔዙ ይበረታል» ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። እንዲያ አይደለም። ለመልእክቱ የምትፈለገው ፎስፌት ኢምንት ናት። ፎስፈረስ የሚያስፈልገው ሥር ለመስደድና እባጩ ጉልበት እንዲያገኝ ነው፣ ያም ስለሆነ ሲዘራ ከሥር ይገባል። ፖታሲየም ግን ከቀዳዳው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፤ ያለሱ ቀዳዳው ደህና አይከፈትም አይዘጋም። አልፋልፋ በየቁርጡ ብዙ ፖታሲየም ይዞ ይሄዳል። የበረቱን ፍግ ወደ መኖው መልሱ። አፈራችሁ ኮምጣጣ ከሆነ አልፋልፋ ከመዝራታችሁ በፊት ኖራ ያስፈልገዋል፤ ኮምጣጣ አፈር ላይ ሥሩም እባጩም አይሆንም።

ውርጭ ያለበት አገር

ለጋምቦ፣ ደላንታ፣ ዋድላ፣ መቄት፣ እዚያ ከፍታው ላይ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጠላት አለባችሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ውርጩ ይወርዳል። ብርዱ የሕዋሱን ስስ ሽፋን ግትር ያደርገዋል፣ ካልሲየም ይገባል፣ ካልሲየሙን የሚከተሉ ካይኔዞች ይነሣሉ። ከድርቁ ካይኔዞች አንዱ፣ ቀዳዳውን የሚዘጋው ራሱ፣ በብርድ ጊዜ ሌላ ሥራ ይሠራል፦ የብርድ ጂኖችን የሚያስነሣ አይስ1 የተባለ ፕሮቲን ቶሎ እንዳይፈርስ ይጠብቀዋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2015 አራቢዶፕሲስ ላይ የታየ ነው። ለዚህም ነው ድርቅን የለመደ ተክል አንዳንዴ ብርዱንም የሚችለው።

ግን ይህ ዝግጅት ቀናት ይፈልጋል፣ ስንቅም ይፈልጋል። የመጨረሻውን ቁርጥ ውርጩ ይጀምራል ከምትሉበት አንድ ወር አስቀድማችሁ ጨርሱ። ዘግይቶ የተሰጠ ዩሪያ ለምለምና ውሃ የሞላ ቅጠል ያወጣል፣ ውርጭ መጀመሪያ የሚያቃጥለው እሱን ነው። ሸለቆ ግርጌ ቀዝቃዛ አየር ስለሚተኛ አልፋልፋውን ተዳፋት ላይ አድርጉት። ለደጋው የኔ ምርጫ ግን በክረምቱ አጃና ቬች አንድ ላይ፣ አጥሩ ላይ ደግሞ ትሪ ሉሰርን ነው። አጃና ቬች ውርጩ ሳይጠና ታጭደው ድርቆሽ ይሆናሉ፤ መከራው ከመድረሱ በፊት ሥራቸውን ይጨርሳሉ። ዝሆኔ ሳርን ግን እዚያ አታድክሙት፣ እሱ የወይና ደጋና የቆላ ነው።

ጨው ሲነካው

በመስኖ ቆላ ላይ አፈሩ ላይ ነጭ ነገር መጋገር ከጀመረ ጨው ነው። ተክል ለዚህ የራሱ መስመር አለው። ካልሲየም የሚሰማ ፕሮቲን ኤስኦኤስ2 የተባለውን ካይኔዝ ይይዛል፣ ካይኔዙ ደግሞ ሶዲየምን ከሕዋሱ ወደ ውጭ የሚገፋውን ፓምፕ ያስነሣል። ይህ ጉልበት ይበላል። አልፋልፋ ጎልማሳ ሲሆን ጨውን በመጠኑ ይችላል፣ ቡቃያ ሳለ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ያላችሁን የተሻለ ውሃ ለዘር ጊዜ አስቀምጡት። ጨዋማ ውሃን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መስጠት ጨዉን ላይ ያከማቸዋል፤ አንዴ አብዝቶ አጠጥቶ ወደ ታች ማጠብና ውሃው የሚወጣበት ቦይ ማበጀት ይሻላል። ከዚህ ከባሰ ሮደስ ሳር ዝሩ፣ እሱ ከአልፋልፋ ይበልጥ ይችለዋል።

ከብቱን የሚገድለው

ይህን አትዝለሉት። ቆቦ፣ ሀብሩ፣ ቃሉ፣ ባቲ፣ ማሽላ የምታበሉ ሁሉ። ማሽላ ዱሪን የሚባል ነገር በቅጠሉ ይይዛል፣ ከብት ሲያኝከው ሳያናይድ ይወጣዋል። ተክሉ ሲጠማ ዕድገቱ ስለሚቆም መርዙ በትንሽ ቅጠል ላይ ይጠራቀማል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከድርቅ በኋላ ዝናብ ጠብ ሲል ከጉቶው የሚወጣው ለምለም ቡቃያ ነው። ያምራል፣ ይገድላል። ከወገብ ከፍ ሳይል የራበውን ከብት አትልቀቁበት። ቆርጣችሁ በደንብ በፀሐይ አድርቃችሁ ስትሰጡ መርዙ በብዛት ይቀንሳል። ከብቱ ቡቃያ ነክሶ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስና ሲንገዳገድ ካያችሁ እስከ ነገ አትቆዩ፣ ያንኑ ደቂቃ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፣ መድኃኒት አለው።

አልፋልፋ ደግሞ ሆድ ይነፋል፣ በተለይ ጤዛ ሳይለቀው ባዶ ሆድ ከበሉት። አጠውልጋችሁ ስጡ፣ ከሱ በፊት ጭድ ወይም ድርቆሽ ይቅመሱ።

ከተረፈው ዘር መያዝ

ጂኑን በቤተ ሙከራ አናይም፣ ግን ድርቁ ራሱ መርጦ ያሳየናል። አልፋልፋ በንብ የሚዳቀል ነው፣ የክሮሞሶሙም ስብስብ አራት እጥፍ ስለሆነ ከአንድ ከረጢት የወጣ ዘር እንኳ አንዱ ከሌላው ይለያል። ካይኔዞቹም እንዲሁ፤ አንዱ ቶሎ ይዘጋል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ዝናብ ሲመጣ ፈጥኖ ይነሣል። ዝሆኔ ሳርና ደሾ ግን በቁራጭና በግንጣይ ስለሚባዙ ማሳው ሙሉ አንድ ተክል ነው ማለት ይቻላል፤ እዚያ መምረጥ ዋጋ የለውም፣ የተሻለ ከፈለጋችሁ ሌላ ዝርያ ነው የምትጠይቁት። ሰሜን ወሎ ሀብሩ ውስጥ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ጥሩ መነሻ ነው።

አልፋልፋው ላይ ድርቁ ሲጠና በማሳው ዞሩና አረንጓዴ የቀሩትን ሳይሆን ዝናብ ሲመጣ ቶሎና በብዙ እንቡጥ የሚነሡትን በቀይ ክር እሰሩ። አረንጓዴ የቀረው ምናልባት ሥሩ ውሃ ያለበት ቦታ አግኝቶ ይሆናል፣ እሱን ቦታው ነው የረዳው። ስለዚህ ከተለያየ ቦታ ምረጡ፣ ከማሳው ዳርና ከቦይ አጠገብ ያለውን ተዉት። በዛ ያሉ ተክሎች ያዙ፤ ከሁለት ከሦስት ተክል ብቻ የተያዘ ዘር ትውልድ እያለፈ ይደክማል። የታሠሩትን አንድ ቁርጥ አትጨዱባቸው፣ ያብቡ፣ ንብ ይግባባቸው፣ ቀፎ አጠገብ ካለ እሰየው። የተጠማዘዘው ፍሬ ቡናማ ሲሆን ለቅማችሁ በጥላ አድርቁ፣ አሽታችሁ በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡ። በሚቀጥለው ወቅት ከገበያ ከገዛችሁት ዘር ጋር ጎን ለጎን በሁለት መደብ ዝሩት፣ ውሃውንም ፍጉንም እኩል ስጡ፣ በበጋው መጨረሻ በሁለቱም ላይ ስንት ግንድ በሕይወት እንደቀረ ቁጠሩ።